ባለቤቶቹ ወጥተዋል

በዚህ ከተማ እንደ እኔ በትእዛዝ የሚያለቅስ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር። ሽንኩርት አያስፈልገኝም፣ ዓይኔን አላሽም፣ የሞተ ዘመድም አላስታውስም። «ጀምሪ» ሲሉኝ እጀምራለሁ፣ «በቃ» ሲሉኝ አቆማለሁ። የሰፈራችን ቧንቧ እንኳ እንደዚህ አይታዘዝም። ሦስት ቀን ሙሉ ፖሊሶችና ዐቃቤ ሕጎች ፊት ተቀምጬ ሳለቅስ ሰንብቻለሁ። አንድ ባለ ማዕረግ፣ ከነጢሙ ግዙፍ ሰውዬ፣ ተነስቶ መሀረቡን ሰጥቶኛል። ጥሩ መሀረብ ስለሆነ አልመለስኩለትም።

ሥራውን ያገኘችልኝ ያሳደገችን አክስቴ ናት። በፖሊስ ማሰልጠኛው ሻይ ቤት ስኒ ታጥባለች። አሰልጣኟ ሻይዋን ስትጠጣ «ወረቀት አንብባ በቃሏ የምትይዝ፣ ሰው የማታፍር ልጅ ባገኝ» ስትል ሰማቻትና «ይሉኝታ የሌላት ልጅ ከሆነ የምትፈልጊው፣ እኔ ቤት አለችልሽ» አለቻት። ዕድሜዬን ሲጠይቋት ደግሞ ሁለት ዓመት ጨመረችልኝና አስራ ስምንት ሞላኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ማንም አልጠየቀ፣ እኛም አልተናገርን። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት አንድ ወረቀት ይሰጠኛል። ወረቀቱ ላይ በጩቤ የተወጋች፣ ወይ የተደበደበች፣ ወይ ሱቋ በጉልበት የተዘረፈች ሴት ታሪክ አለ። እኔ ያቺን ሴት እሆናለሁ፤ ሠልጣኞቹ ተራ በተራ ቃሌን ይቀበላሉ። ቁም ነገሩ በግፍ የቆሰለን ሰው በጥያቄ ደግመው እንዳያቆስሉት መማራቸው ነው። ከኋላ የተቀመጡት ምን ያህል እንዳመኑኝ ከአስር ነጥብ ይሰጡና ምክንያታቸውን ጽፈው፣ አጥፈው ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። ካርቶኑ የሚከፈተው በመጨረሻው ቀን ነው። አሰልጣኟን ስሟን አውቀዋለሁ፣ ግን ለራሴ «ወይዘሮ ቀስ በሉ» እላታለሁ፤ ከአፏ ሌላ ቃል አይወጣማ። በመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ረጅም ነገር ተናግራኛለች፦ «የራስሽን ቁስል ይዘሽ እዚህ ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ። ከወረቀቱ አትውጪ።» እኔም ምን ቁስል አለኝ ብዬ እሺ አልኩ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ቤታችን እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ነበር። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፣ ከወዲህ የአክስቴ አልጋ፣ ከወዲያ የእህቴና የእኔ። መስኮቱ ስር የእህቴ ስፌት መኪና አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ላዩ ላይ የአክስቴ መነጽር፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የተሰበረ ማበጠሪያ ተቀምጠዋል። መኪናነቱ ቀርቶ ጠረጴዛ ሆኗል። እህቴ ከላውንደሪ የሚያመጡላትን ሸሚዝ ትተኩሳለች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ መቀስ እምቢ ብለዋል፣ ካውያ ግን ይይዛሉ። አንገትጌውን፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን እያለች ስትሄድ አየኋት። ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ እየደረበች ነበር እንጂ እኛን ቀና ብላ አላየችንም። ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ስር አንድ ደብዳቤ አለ። እዚያ ከተቀመጠ ስምንት ቀኑ ነው። ሦስታችንም አንብበነዋል፣ ሦስታችንም እንዳላነበበ ሰው ሆነናል።

ደብዳቤው የሚለው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተዘጋው መዝገብ እንደገና እየታየ ስለሆነ ተበዳይዋ፣ እህቴ፣ ሰኞ ቀርባ ቃሏን እንድታብራራ ነው፤ ካልቀረበች ለዘለዓለሙ ይዘጋል። ማብራራት ያለባት አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና «በራችንን ሳንኳኳ ከውስጥ መለሱልኝ» ብላለች። በማግስቱ «ማንም አልመለሰልኝም፣ ታናሽ እህቴ ተኝታ ነበር» ብላለች። መርማሪው «ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብሎ ጻፈ፣ ነገሩም እዚያ ላይ ቆመ። እጇን በብረት የሰበረው የጨርቅ ነጋዴው ሾፌር፣ ላገባሽ ብሎ እምቢ ያለችው ሰውዬ፣ ያን ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ አለና ወጣ። አሁንም በሰፈራችን ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባው ሲሰማ ካውያው ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። አክስቴም ለፖሊስ «ልጅቷ ተኝታ ነበር» ብላለች። ስለዚህ እኔ በመዝገቡ ላይ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተኛሁ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አልተኛሁም ነበር።

ድሮ ይህ ቤት እንዲህ ዝም አይልም ነበር። ድሮ ስል ሁለት ዓመት ነው፤ አክስቴ ስለ ልጅነቷ ስታወራ እንኳ እንደዚያ ሩቅ አይመስልም። ያኔ ደንበኞች ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ላይ ይሰለፋሉ፣ አንዷ ወገቡ ጠበበኝ ትላለች፣ ሌላዋ ቀሚሴን ለሠርጉ አድርሽልኝ ብላ ታለቅሳለች፤ እህቴ መርፌ በከንፈሯ ይዛ «እኔ ስፌት እንጂ ተአምር አልሠራም፣ እህቴ፣ ዳቦ ቀንሺ» ትላቸዋለች። ራዲዮኑ ይጮኻል፣ እሷ ከራዲዮኑ በላይ ትጮኻለች። ወለሉ ላይ የወዳደቀው ቁራጭ ጨርቅ የእኔ ነው፤ ሐር፣ ከፋይ፣ ዳንቴል። ከሁሉም ደግሞ ማታ ማታ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። ከጨርቅ ተራ ስትመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደ ሽማግሌ ትስላለች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ ክፈቱልኝ!» እኔ ድምፄን አወፍራለሁ፦ «ባለቤቶቹ ወጥተዋል!» «አንተስ ማን ነህ?» «ድመቱ ነኝ!» ቀረጥ ሳትከፍል አልከፍትላትም። ቀረጡ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ በበሩ ስር ታሾልከዋለች፣ እኔ እጄን ልኬ እስበዋለሁ፤ ካልወደድኩት መልሼ እገፋዋለሁ። ጎረቤታችን ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ እንስቅ ነበር። ስንት ዓይነት ቀለም በዚያ በር ስር እንደገባ! ከፋዩ ወይን ጠጅ ነበር፣ ጫፉ ላይ የሷ የጠመኔ ምልክት ያለበት።

ማሰልጠኛው አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፣ ግማሾቹ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ ግማሾቹ ከረባት አስረዋል። የዕለቱ ወረቀቴ የስልክ መሸጫ ሱቅ ሠራተኛ አድርጎኛል፤ ሁለት ሰዎች በጩቤ አስፈራርተው ሱቁን የዘረፉባት። የመጀመሪያው ጠያቂ አስር አለቃ ነበር፣ እኔ «ቶሎ ቶሎ» የምለው። ወንበሩን ጎትቶ ጉልበቴ ድረስ ተጠጋኝ። «ስንት ሰዓት ነበር? ስንት ደቂቃ ቆዩ? የረጅሙ ሸሚዝ ምን ቀለም ነው? በሩ ክፍት ከነበረ ለምን አልጮህሽም?» እኔ ሥራዬን አውቃለሁ፤ «ለምን አልጮህሽም» ሲል ከንፈሬን አንቀጠቀጥኩ፣ አንድ እንባ በግራ ጉንጬ ለቀቅኩ፣ ቀጥሎ በቀኙ፣ ቀጥሎ ድብልቅልቁን አወጣሁት። ወይዘሮ ቀስ በሉ «ቀስ በሉ፣ አስር አለቃ» አለች። «ለምን አልጮህሽም ስትላት ጥፋቱ የሷ ነው እያልካት ነው። የፈራ ሰው ጉሮሮው ይዘጋል። ደግሞ ሰዓት የሚያይ ማን ነው ጩቤ እያየ?» አስር አለቃው አንገቱን አከከ። «እኔ መዝገብ መሙላት አለብኝ፣ እመቤቴ። አለቃዬ ባዶ ቦታ አይወድም» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም በእንባዬ ውስጥ ሳቅኩ፣ ይህም ችሎታ ነው።

ከሻይ በኋላ አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ መጣ፣ ከረባቱ የአባቱ የሚመስል። በመጀመሪያ ወንበሩን ወደ ጎን አዞረና ፊት ለፊት ከመፋጠጥ አዳነኝ። በሩን ገርበብ አደረገው። ውሃ ቀዳልኝ። «ለማቆም ከፈለጉ እናቆማለን። ከየት ቢጀምሩ ይቀልዎታል?» አለኝ። ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዬ ዞሬ ነበር፤ እንደዚያ አክብሮ ያናገረኝ ሰው የለማ። ከዚያ ዝም አለ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌሎቹ ዝም ሲሉ ቀጣዩን ጥያቄ እያሰቡ መሆናቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ይኼኛው ምንም አያስብም፣ እየጠበቀ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁት። የሱቁን ታሪክ ልጀምር አፌን ከፈትኩ፣ ሱቁ ግን የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ደረጃ ነው።

«ጨርቅ አልገባም» አልኩ። የገዛ ድምፄን አላወቅኩትም፣ ደረቅ ነበር፣ የገበያ ዋጋ እንደሚያነብ ሰው። «ሁልጊዜ በበሩ ስር ይገባል። ያን ቀን አልገባም። ደረጃው አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ጠዋት ቀብተውት ነበር። አንኳኳች። ክፈቺ አለች። ባለቤቶቹ ወጥተዋል አልኩ። ድስቱ ላይ ያለው ውሃ ይፈላ ነበር።» ከቀዳልኝ ውሃ ተጎነጨሁ። «ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። የመጀመሪያውን ስል እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ። እምቢ ያልሽው ማንን መሰለሽ አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ጨርቅ ሲያደርስ ከታች ሆኖ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ነገር ግድግዳውን መታ። ሁለተኛውን ያልኩት ያኔ ነው። ድምፄን አወፍሬ። ለሷ አልነበረም፣ ለእሱ ነው፤ ቤት ውስጥ ልጅ እንደሌለ እንዲያምን። መቀርቀሪያው ላይ እጄ ነበር። ውሃው አልቆ ድስቱ ማረር ጀመረ። አላስታውስም መቼ እንዳጠፋሁት። ከዚያ በፊት ሦስተኛው ፎቅ ላይ አልሳለችም፣ ረስቼው ነው፣ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።» ይህን ሁሉ ስናገር አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ላለቅስ ሞክሬ ነበር እኮ! ሥራዬ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም። ቧንቧው ተዘግቷል። ከኋላ አስር አለቃው ለጎኑ ሰው «ዛሬስ ደክማለች» ሲል ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ ተከፈተ። ወይዘሮ ቀስ በሉ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለጠች አነበበች። በእንባ የታጠቡት ሦስቱ ቀናት ዘጠኝ፣ አስር፣ ዘጠኝ፣ አስር። እኔ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጅ ነስቼ እንደማልፍ እያወቅኩ፣ እግሬን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ የዚያን ቀን ከሻይ በኋላ ያለውን አመጣች። ሦስት። ሁለት። አራት። አንድ። «ፊቷ ላይ ስሜት የለም።» «ቅደም ተከተሉን ታዛባለች፣ መሀል ላይ ስለ ድስት ታወራለች።» «ያልሰማችውን እንደሰማች ታስመስላለች።» «አታለቅስም። አላመንኳትም።» አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «የሰጠኋት ወረቀት ይኸው» ብላ የስልክ ሱቁን ታሪክ ለፊተኛው ረድፍ አቀበለች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እያንዳንዱ አንብቦ ወደ እኔ ሲያይና ወዲያው ዓይኑን ሲሰብር አየሁ። «ሦስት ቀን ሙሉ የፈጠረችውን አመናችሁ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አስር አለቃው ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው፤ ምን እንደሚያደርገው የማያውቅ ይመስላል።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ቀስ በሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ዕድሜሽ ስንት ነው? አክስትሽ ያለችውን ሳይሆን የራስሽን ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ የተናገርሽውን እዚህ የጻፈው የለም፣ አይጻፍምም። የት እንደሚጻፍ፣ ይጻፍ እንደሆነም የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ ከእህትሽ ጋር ተማክረሽ ደግሞ። ነጥብ ለሚሰጡ ሰዎች ግን ዳግመኛ እንዳትነግሪ።» አክስቴ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ከኛ ፊት ቆመች። ማንም ምንም ሳይጠይቃት «ተኝታ ነበር እኮ» አለች። «ልጅ ናት፣ ተኝታ ነበር።» ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ስኒዎቿ ተመለሰች።

በአውቶቡስ አልሄድኩም፣ በጨርቅ ተራ በኩል በእግሬ ወጣሁ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ እጄን ይዛ የምታዞረኝ መንገድ ነው። አዝራር በደርዘን ስትገዛ አንድ አንዱን በጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ነጋዴው «እመቤት፣ አዝራር ነው እንጂ ወርቅ አይደለም» ሲላት «ዋጋህን ስሰማ ወርቅ መስሎኝ ነው» ትለዋለች። ለእኔ ደግሞ ሁልጊዜ አስራ ሦስተኛውን ታስጨምርልኛለች፣ ምርቃት ብላ። ነጋዴው አሁንም አለ፣ ሸምግሏል። አየኝና «ባለመቀሷስ? ጠፋች እኮ፣ የሚጨቀጭቀኝ አጣሁ» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። የከፋይ ጥቅሎቹ እንደ ድሮው ተደርድረው በእጄ ስነካቸው ወደ ላይ አንድ ቀለም፣ ወደ ታች ሌላ ቀለም ሆኑ። እዚያ ቆሜ፣ ያንን በር ባልከፍትም እንኳ ይህንን፣ የመዝገቡን በር፣ መክፈት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ደስ አለኝ። እንዲያውም በጣም ደስ አለኝ፤ ቤት እስክደርስ ራሴን እንደ ጀግና እያየሁ ነበር ደረጃውን ሁለት ሁለት የወጣሁት።

እህቴ ሸሚዞቹን ጨርሳ እያጠፈች ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የቀኑን ወሬ ጀመርኩ። ስለ ቶሎ ቶሎ ነገርኳት፣ ስለ ከረባቱ ነገርኳት፤ ከንፈሯ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ያ ለሷ ሳቅ ነው አሁን። ከዚያ ስለ በሩ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ እንዳልኩ፣ ሁለተኛውን ለማን እንዳልኩ፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንደነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በመካከላችን ይህ ነገር በቃል ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እሷ አላቋረጠችኝም። እጅጌውን ወደ ኋላ አጠፈች፣ ሸሚዙን ለሁለት አጠፈች፣ በመዳፏ ዳመጠችው። ስጨርስ ሌላ ሸሚዝ አነሳች። ሸሚዙ የታጠፈ ነበር፤ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። መስኮቱ ላይ የምሽቱ ብርሃን ከሸሚዝ ወደ ሸሚዝ እየቀነሰ ሄደ። ከታች ልጆች ይጮኻሉ፣ አንዲት እናት ልጇን «እራት!» ብላ ትጣራለች።

በመጨረሻ ተነሳች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አነሳች፣ ደብዳቤውን ወሰደች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር ከተተችው።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ነው የሚለው አይደል?» አለች።

ልቤ ጣሪያ ነካ። ዘልዬ ቆምኩ፣ ትከሻዋን አቀፍኩ። ድምፁን አውቀዋለሁ እላቸዋለሁ፣ የመለስኩላት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፣ ቃሏ አይጋጭም እላቸዋለሁ፣ እኔ ካለሁ ማንም ፊትሽ አይቆምም፣ አልኩ። ዐቃቤ ሕግ እንዴት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፣ ፖሊስ የት ላይ እንደሚሳሳት አውቃለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ አልኩ።

«አንድ ነገር እንዳትፈሪ፣ እሺ? እኔ አለሁልሽ!»

ክንዴን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው።

«ያን ቀንም ነበርሽ» አለችኝ።